የአንድ ቡሎን ስሕተትና መታረሚያው

በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ አውቶሞቢል የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የእንጀራ ምንጭ ሆኗል። አባት ታክሲ ይነዳበትና የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ይከፍልበታል፤ እናት የምትነግደውን ዕቃ ከገበያ ታመላልስበታለች፤ በቤት የታመመ ሰው ቢኖር በሌሊት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድበታል። ስለዚህ ሞተሩ ተበላሽቶ አውቶሞቢሉ በጋራዥ ሲውል የሚቆመው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ የቤቱም ኑሮ አብሮ ይቆማል። ይህም በመሆኑ ስለ ሞተር ጥገና ጥቂት ማወቅ ለሜካኒክ ብቻ የሚተው ጉዳይ ሳይሆን ለባለ ንብረቱም የሚገባ ነው።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ስለ አንድ ጠባብ ነገር ነው፤ ይኸውም የቴስታታ ጓርኒሲዮን በሚለወጥበት ጊዜ በቡሎን አጠባበቅ ላይ ስለሚደርሰው ስሕተትና ስለ መታረሚያው ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ሞተር የዳነውም የጠፋውም በዚሁ በትንሹ ነገር ነው። የነገራችንን ፍሬ አስቀድመን እንናገር፤ በአጠባበቅ ላይ የደረሰ ስሕተት በላዩ በመጨመር አይታረምም። የሚታረመው ወደ ኋላ ተመልሶ፥ አላልቶና መርምሮ፥ ሥራውን ከመጀመሪያው በመጀመር ነው።

ቴስታታና ጓርኒሲዮን

የሞተር አካል ሁለት ታላላቅ ክፍሎች አሉት። የታችኛው ክፍል ብሎክ ይባላል፤ ፒስቶኖች የሚመላለሱባቸው ሲሊንደሮች በእርሱ ውስጥ ናቸው። የላይኛው ክፍል እንደ ክዳን በብሎኩ ላይ የሚደፋው የሞተሩ ራስ ነው፤ የጋራዥ ሰዎች ከጣሊያንኛ በተወረሰ ቃል ቴስታታ ይሉታል። በሁለቱ መካከል የሚነጠፈው ስስ ገበታ ጓርኒሲዮን፥ በዛሬ አነጋገር ደግሞ ጋስኬት ይባላል። ይህ ስስ ንጣፍ ሦስት ሥራ አለበት። የሚቃጠለው ጋዝ ከሲሊንደሩ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ የማቀዝቀዣውን ውኃ በመንገዱ ያሳልፋል፤ ዘይቱንም ከውኃው ለይቶ ይጠብቃል። እሳት፥ ውኃና ዘይት በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ጎን ለጎን ሲያልፉ እንዳይገናኙ የሚያደርጋቸው እርሱ ነው።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከቶዮታ ኮሮላ አውቶሞቢሎች በብዙዎቹ የተገጠመው 4ኤ-ኤፍኢ የተባለው ሞተር እ.ኤ.አ. በ1987 መሠራት የጀመረ፥ አራት ሲሊንደር ያለው የቤንዚን ሞተር ነው። የእያንዳንዱ ሲሊንደር አፍ 81 ሚሊሜትር ስፋት ሲኖረው፥ ይህ በሒሳብ ሲተመን 51 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። ሞተሩ ከባድ ሸክም ሲጎትት በሲሊንደሩ ውስጥ የሚቃጠለው ጋዝ በያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 50 ኪሎግራም ያህል ይገፋል ብንል፥ ቴስታታውን ወደ ላይ የሚያነሣው ኀይል ከ2,500 ኪሎግራም በላይ ነው። ይህም 25 ኩንታል እህል ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ይህ ግፊያ በእያንዳንዱ ሲሊንደር በሴኮንድ 25 ጊዜ ይደጋገማል። ይህን ሁሉ ይዘው የሚቀመጡት 10 ቡሎኖች ናቸው።

ጓርኒሲዮን የሚቃጠልበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም ዋነኛው የሞተር ከልክ በላይ መጋል ነው። ቴስታታው ከአሉሚኒየም፥ ብሎኩ ከብረት የተሠራ ሲሆን፥ አሉሚኒየም በሙቀት የሚሰፋው የብረቱን እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ሞተሩ ያለ ልክ ሲግል ቴስታታው ሊሰፋ ይፈልጋል፤ ቡሎኖቹ ይይዙታል፤ በመጨረሻም ይጣመማል። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው አገር ደግሞ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ያለ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን የተሠራው ግፊቱን ጠብቆ ይህን የመፍያ ልክ ከፍ ለማድረግ ነው። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ዋጋው ጥቂት ሲሆን የሚያስከትለው ጥፋት ግን የሞተር ራስ ነው።

ቡሎን ሞላ ነው

ብዙ ሰው ቡሎንን እንደ ምስማር ይቈጥረዋል፤ ገብቶ ከጠበቀ ሥራው አለቀ ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቡሎን በተጠመዘዘ ጊዜ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ከተለጠጠም በኋላ እንደ ሞላ ወደ ቀድሞ ቁመቱ ሊመለስ ስለሚታገል ሁለቱን ብረቶች አጥብቆ ይይዛል። ቴስታታውን የሚይዘው የቡሎኑ ውፍረት ብቻ ሳይሆን ይህ የመመለስ ትግል ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 በጽሑፍ እንደ ገለጠው፥ ሞላ የሚለጠጠው በተሳበበት ኀይል ልክ ነው። ለተማሪዎቻችን ይህን ስናስተምር ሞላ አንጠልጥለን ክብደት እንጨምርበታለን። ክብደቱ ሲነሣለት ሞላው ይመለሳል፤ ያለ ልክ ሲጫንበት ግን ተዘርግቶ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ሞላ መሆኑ ቀርቶ ሽቦ ይሆናል። ቡሎንም እንዲሁ ነው። ያነሰው አይለጠጥምና አይዝም፤ የበዛበት ተስቦ ይቀራል፤ ከዚያም በላይ ቢጫነው ይበጠሳል።

እንግዲህ ልኩ እንዴት ይታወቃል? ቶርክ ሬንች የሚባለው መለኪያ ያለው ቁልፍ እጃችን የሚጠመዝዝበትን ኀይል ይነግረናል። ሆኖም ከዚህ ኀይል 90 በመቶ ያህሉ የሚያልቀው በሰበቃ ነው፤ ግማሹ በቡሎኑ ራስ ሥር፥ ሌላው በጥርሶቹ መካከል ይጠፋል። ለመለጠጥ የሚተርፈው ከ10 እጅ አንዱ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጥርሱ የዛገ ወይም አሮጌ ሙጫ የያዘ ቡሎን ቁልፉ «በቃ» ባለ ጊዜ ገና አልተለጠጠም። በተቃራኒው ደረቅ እንዲገባ የታዘዘ ቡሎን ዘይት ቢጠጣ ከተወሰነለት በላይ ይለጠጣል።

ይህን ችግር ለመቀነስ መሐንዲሶች በማዕዘን የማጥበቅን ዘዴ አመጡ። ለምሳሌ በጠቀስነው የኮሮላ ሞተር የቡሎኖቹ ጥርስና የራሳቸው ሥር በቀጭኑ የሞተር ዘይት ይቀባሉ። ከዚያም በመጀመሪያው ዙር ሁሉም በ29 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ቡሎን ራስ ላይ ወደ ሞተሩ ፊት በኩል የቀለም ምልክት ይደረግና ሁሉም በተራቸው 90 ዲግሪ፥ ማለት ሩብ ዙር ይዞራሉ። በሦስተኛው እንደገና 90 ዲግሪ ይጨመርላቸዋል። በመጨረሻ ምልክቶቹ ሁሉ ወደ ሞተሩ ኋላ ዞረው ከታዩ ሥራው ተፈጽሟል። ይህች ጥቂት ቀለም የሠራተኛው ምስክር ናት፤ እርሱ ቢረሳ እርሷ አትረሳም። አንባቢያችን ግን ይህን ቍጥር ለሌላ ሞተር እንዳይወስድ አደራ እንላለን፤ እያንዳንዱ ሞተር የራሱ መጽሐፍና የራሱ ልክ አለውና።

የማጥበቅ ተራ

ሰፊ ምንጣፍ የሚያነጥፍ ሰው ከመካከል ወደ ዳር እየዳበሰ ይዘረጋዋል። ከሁለቱ ዳር ቢጀምር በመካከሉ እጥፋት ይቀራል። የቴስታታም ነገር ይህን ይመስላል። የሚጠብቀው ከመካከለኞቹ ቡሎኖች ተጀምሮ፥ በግራና በቀኝ እየተፈራረቁ ወደ ዳር በመውጣት ነው። በሚላላበት ጊዜ ደግሞ ተራው ይገለበጣል፤ ከዳር ተጀምሮ ወደ መካከል፥ በአንድ ጊዜም ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ ይላላል። ይህን ያልጠበቀ ሰው ደኅናውን ቴስታታ በገዛ እጁ ያጣምመዋል።

የስሕተት ዓይነቶችና የያንዳንዳቸው መታረሚያ

አንደኛው ተራን መሳት ነው። ሠራተኛው ከዳር ጀምሮ ጥቂት ቡሎኖችን በመጀመሪያው ልክ ካጠበቀ በኋላ ቢያስታውስ፥ «ከእንግዲህ በተራው ልቀጥል» ማለት አይገባውም። ያጠበቃቸውን ሁሉ በተገለበጠው ተራ ያላላቸው፤ ንጣፉ ከቦታው አለመንሸራተቱን ይመልከት፤ ከዚያም ከመካከል ይጀምር። ስሕተቱ የታወቀው ሁሉም ቡሎኖች በመጨረሻው ልክ ከጠበቁ በኋላ እንደ ሆነ ግን ንጣፉ አንድ ጊዜ ተጨፍልቋልና ቴስታታው ተነሥቶ በአዲስ ጓርኒሲዮን መተካት አለበት። አንድ ጊዜ በሙሉ የተጨፈለቀ ጓርኒሲዮን ሁለተኛ በእኩል አይጨፈለቅም።

ሁለተኛው መስፈሪያን ማደባለቅ ነው። አንዱ መጽሐፍ በኒውተን ሜትር፥ ሌላው በኪሎግራም ሴንቲሜትር፥ ሌላውም በፉት ፓውንድ ይጽፋል። የጠቀስነው 29 ኒውተን ሜትር በኪሎግራም ሴንቲሜትር 300፥ በፉት ፓውንድ 22 ያህል ነው። 29ኙን አንብቦ ቁልፉን በ29 ፉት ፓውንድ ላይ ያዘጋጀ ሰው 39 ኒውተን ሜትር አድርጎ አጠበቀ ማለት ነው፤ ከልኩ ሢሶ ያህል አሳለፈ። ይህ በመጀመሪያው ዙር ከተደረሰበት ቡሎኖቹ ይላላሉ፤ ጥርሳቸው ይመረመራል፤ በትክክለኛው ልክ እንደገና ይጀመራል። ሩብ ዙሮቹ ተጨምረውበት ከሆነ ግን ቡሎኖቹ ከሚገባው በላይ ተለጥጠዋልና በአዲስ ቢተኩ ይሻላል።

ሦስተኛው ረጅምና አጭሩን ማለዋወጥ ነው። በዚሁ በኮሮላው ሞተር ቡሎኖቹ ሁለት ዓይነት ቁመት አላቸው። 90 ሚሊሜትር የሆኑት አየር በሚገባበት ወገን፥ 108 ሚሊሜትር የሆኑት ጭስ በሚወጣበት፥ በማርሚታው ወገን ይገባሉ። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ጫፉ የጉድጓዱን መጨረሻ ይነካና ይቆማል። ቁልፉም «ጠብቋል» ይላል፤ ቴስታታው ግን አልተያዘም። ይህ ስሕተት ዐይንን ያታልላልና ቡሎኖቹ ሲወጡ እንደ ቦታቸው በካርቶን ላይ ተሰክተው ቢቀመጡ መልካም ነው። ስሕተቱ ከደረሰ መታረሚያው ሁሉንም አላልቶ ማውጣትና ከየቦታቸው ማግባት ነው። በጫፉ ያረፈው ቡሎንና የገባበት ጉድጓድም ጥርስ ይመረመር።

አራተኛው በቡሎን ጉድጓድ ውስጥ ውኃ ወይም ዘይት መተው ነው። ፈሳሽ ነገር ሲጫኑት አይታመቅም፤ ስለዚህ መውጫ በሌለው ጉድጓድ ውስጥ ቡሎኑ ሲወርድ ፈሳሹ ይገፋዋል። ቁልፉ ውሸት ይናገራል፤ ኀይሉ ከበዛም ብሎኩ ይሰነጠቃል። አንድ ቡሎን ከወንድሞቹ ቀድሞ ከጠበቀ ወይም እንደ ላስቲክ ወደ ኋላ የሚመልስ ከመሰለ በግድ አይገፋ፤ ይውጣ፤ ጉድጓዱ በጨርቅና በአየር ይጽዳ። አየር የሚነፋው ሰው ዐይኑን ይሸፍን።

አምስተኛው የጥርስ መበላት ነው። ቡሎኑ እየዞረ ኀይሉ ሳይጨምር ከቀረ ወይ ቡሎኑ ተስቦ እየቀጠነ ነው፥ ወይ የብሎኩ ጥርስ ተልጧል። በዚህ ጊዜ ወዲያውኑ ማቆም ግዴታ ነው። ቡሎኑ ወጥቶ ከአዲስ ቡሎን ጋር ሲወዳደር ረዝሞ ወይም ወገቡ ቀጥኖ ከተገኘ ይጣላል። ጥርሱ የተበላው የብሎኩ ከሆነ ቴስታታው ተነሥቶ በቶርኖ ቤት ጉድጓዱ ይሰፋና ሄሊኮይል የሚባለው የብረት ጥርስ ይገባለታል። በሙጫ ወይም በሽቦ ጠምጥሞ ማግባት ዕዳን ለሌላ ቀን ማሳደር ነው።

ስድስተኛው ከቀድሞ ልማድ የመጣ ነው። በቀድሞ ዘመን አስቤስቶስ ያለባቸው ጓርኒሲዮኖች ከሙቀት በኋላ ስለሚረግቡ ሞተሩ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ቡሎኖቹን እንደገና ማጥበቅ የታዘዘ ነበረ። ለዚያ ዘመን ትክክል ነበረ። ብዙዎቹ የዛሬ ጓርኒሲዮኖች ግን ከግራፋይት ወይም ከተደራረበ ስስ ብረት የተሠሩ ናቸው፤ በማዕዘን የጠበቁ ቡሎኖችም መጽሐፉ ካላዘዘ በቀር ዳግመኛ አይነኩም። ሽማግሌ ሜካኒክ በፍቅር የሚጨምራት አንዲት ንቅናቄ ልኩን ልታሳልፍ ትችላለች። የአስቤስቶስ ብናኝ ለሳንባ ክፉ በሽታ የሚያመጣ መሆኑ ስለ ታወቀ፥ አሮጌውን ንጣፍ በደረቁ መፋቅና በአየር መንፋት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

በአንድ ጋራዥ ያየነው

ከዚህ ቀጥሎ የምንነግራችሁ በአንድ ጋራዥ ተቀምጠን ሳለን ያየነውን ነው። የአንድ ሽማግሌ ታክሲ ቴስታታው ወርዶ፥ በቶርኖ ቤት ተስተካክሎ፥ አዲስ ጓርኒሲዮን ተነጥፎለት ሊዘጋ ደርሶ ነበር። ቡሎኖቹን እንዲያጠብቅ የታዘዘው ዕድሜው ከ17 ዓመት የማያልፍ ተማሪ ሠራተኛ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ቁልፉን በእጁ እንደ ያዘ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያም ወደ አለቃው ቀረበ።

«ጋሼ፥ አንድ ነገር ልንገርዎ?»

«ተናገር።»

«ሰባተኛውን ቡሎን ሁለተኛውን ሩብ ዙር ሰጥቼው እንደ ሆነ አላውቅም። ሰው ጠራኝና ዞር ስል ቍጥሩ ጠፋብኝ።»

«የቀለሙስ ምልክት?»

«አላደረግሁም፥ ጋሼ።»

ከአጠገባቸው የነበረ ሌላ ሠራተኛ ሣቅ ብሎ፥ «እንግዲያው ሩብ ዙር ጨምርበትና ዝጋው፤ ማን ያየዋል?» አለ። አለቃው ግን ራሱን ነቀነቀ። «ቀድሞ ተሰጥቶት ከሆነ ይህ ሦስተኛ ይሆንበታል፤ ዛሬ ባይበጠስ ነገ በመንገድ ላይ ይበጠሳል። አልተሰጠው ከሆነና ብንተወው ደግሞ ጋዙ በዚያ በኩል መንገድ ያገኛል። የምናውቀው ነገር የለንም፤ የማናውቀውን አንዘጋም» አለና ከዳር ጀምረው እንዲያላሉት አዘዘ።

ባለ ታክሲው በመጣ ጊዜ አለቃው እጁን እየጠረገ ተነሣ። «አባቴ፥ ዛሬ አይደርስልዎትም። በአጠባበቁ ላይ ስሕተት ደርሷል፤ ስሕተቱም የእኛ ነው። ጓርኒሲዮኑን በእኛ ገንዘብ እንገዛለን፤ እርስዎ አንድ ቀን ይታገሡን» አለ። ሽማግሌው ተቈጡ። «የአንድ ቀን ገቢዬንስ ማን ይከፍለኛል? ለቤት ኪራይ የማስረክበው ነገ ነው!» አሉ። ቍጣቸውም የሚገባ ነበረ። ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ ከእጅ ዋጋው ላይ እንዲቀነስላቸው ተስማሙ። ሊሄዱ ሲሉ ግን መለስ ብለው፥ «ይህን ስሕተት ማን አገኘው?» ብለው ጠየቁ። አለቃው ልጁን አመለከተ። ሽማግሌው ልጁን ጥቂት ተመለከቱትና፥ «ነገ አንተው አጥብቀው፤ ቀለሙን ግን አትርሳ» ብለው ሄዱ።

10ሩ ቡሎኖች ወጥተው፥ አጭሩ ከአጭሩ፥ ረጅሙ ከረጅሙ ጋር በመስተዋት ላይ ሲደረደሩ፥ ሰባተኛው ከመሰሎቹ የተለየ ሆኖ አልተገኘም። ሁለተኛው ሩብ ዙር ተሰጥቶት ነበረ ወይስ አልነበረም፥ እስከ መጨረሻው አልታወቀም። ምናልባት ሥራው ትክክል ኖሮ በከንቱ የፈረሰ ይሆናል። ቢሆንም የአንድ ጓርኒሲዮን ዋጋና የአንድ ቀን ድካም፥ ከአንድ ሞተር ጋር ሲመዘን ቀላል ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በጋራዥም ውስጥ ይሠራል።

ከዚህ ነገር የተማርነው ሌላ ትምህርት አለ። ያ ልጅ አለቃውን ከልክ ያለፈ ቢፈራው ኖሮ ዝም ይል ነበር። ተማሪ ሠራተኛ ስሕተቱን ሲናገር በጥፊ የሚመታበት ወይም ከደመወዙ ሁሉ የሚቈረጥበት ጋራዥ፥ ስሕተት የሌለበት ሳይሆን ስሕተት የተደበቀበት ጋራዥ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ የታወቀ ስሕተት

አንዳንድ ጊዜ ስሕተቱ የሚገለጠው አውቶሞቢሉ ወደ ቤት ከተመለሰ በኋላ ነው። ምልክቶቹን ባለ ንብረቱ ራሱ ሊያውቃቸው ይችላል። የማቀዝቀዣው ውኃ መሬት ላይ ሳይፈስ ይጎድላል፤ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ከማርሚታው ነጭ ጭስ መውጣቱን አያቋርጥም፤ በራዲያተሩ ውኃ ውስጥ አረፋ ይታያል፤ የሞተሩ ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና ይመስላል። ከነዚህ አንዱ ሲታይ አውቶሞቢሉን መንዳት ማቆም ይገባል። ውኃ የገባበት ዘይት ማለስለሱን ትቶ የሞተሩን ውስጥ ይበላልና። ራዲያተሩም እንደ ጋለ ክዳኑ አይከፈት፤ የሚፈነዳው እንፋሎት ፊትን ያቃጥላል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ፈተና «ቡሎኖቹን ጥቂት ጠበቅ እናድርጋቸው» ማለት ነው። ይህ ከመጀመሪያው የከፋ ሁለተኛ ስሕተት ነው። ጋዝ ያለፈበት ንጣፍ ተቃጥሏልና ቢጫኑት አይድንም። ትክክለኛው መንገድ ሞተሩ ፈጽሞ እስኪበርድ መጠበቅ፥ ቡሎኖቹን ከዳር ወደ መካከል ማላላት፥ ቴስታታውንም አንሥቶ መመርመር ነው። በሙቀቱ ሳለ የተላላ የአሉሚኒየም ቴስታታ ይጣመማል።

ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በርዝመቱ፥ በዳርና ዳሩ፥ በአግድሞሹም ላይ ተጋድሞ በሥሩ ስስ የምላጭ መለኪያ ይገፋል። በኮሮላው ሞተር በብሎክ በኩል ያለው የቴስታታ ገጽ የሚፈቀድለት መጣመም 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ከብዙ ሰው የጠጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ከዚህ ካለፈ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። የብሎኩም ገጽ እንዲሁ ይለካ። ቴስታታው ብቻ ተስተካክሎ ብሎኩ ሳይታይ የተዘጋ ሞተር በጥቂት ወር ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

ለባለ አውቶሞቢሎች

ባለ ንብረቱ ሜካኒክ መሆን የለበትም፤ ነገር ግን በትሕትና አራት ነገር መጠየቅ ይችላል። የዚህን ሞተር የቡሎን ልክና ተራ የሚያሳይ መጽሐፍ አለ ወይ? ቶርክ ሬንቹስ አለ ወይ? ቡሎኖቹ ተመርምረዋል ወይስ በአዲስ ይተካሉ? የቴስታታውና የብሎኩ ገጽ ተለክቷል ወይ? ደኅና ባለ ሙያ እነዚህን ጥያቄዎች እንደ ንቀት አይቈጥራቸውም፤ እንዲያውም ሥራው ስለ ታወቀለት ደስ ይለዋል።

ከባለ ንብረቱም የሚጠበቅ ግዴታ አለ። «እስከ ማታ ካላደረስህልኝ» እያሉ በሠራተኛው ራስ ላይ መቆም ቍጥር የሚያጠፋ ነገር ነው። ቡሎን በሚጠብቅበት ሰዓት ሠራተኛውን መጥራትም ሆነ ማነጋገር አይገባም። «ስሕተት ደርሷልና አንድ ቀን ስጡን» የሚል ሜካኒክ ሲገኝ ደግሞ፥ ምንም እንኳ የቀኑ ገቢ ቢቀርና ቢያስቈጣ፥ ያ ሰው የሚጠበቅ እንጂ የሚሸሽ አይደለም። አንድ ጓርኒሲዮን ከሱቅ ተገዝቶ በማግሥቱ ይተካል፤ የተሰነጠቀ ብሎክ ግን ወራት የተጠራቀመ የቤተ ሰብ ገንዘብ ይዞ ይሄዳል።